አንዱ ሁለት ሆኖ ሲታይ

ስድስት ጡንቻዎች፣ ሦስት ነርቮችና የራስ ቅል ጠባብ መንገዶች

አንድ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው መኪናውን ሲያስነሣ መንገዱ ሁለት ሆኖ ይታየዋል። የትራፊክ መብራቱ ሁለት፣ ከፊቱ ያለው አውቶቡስ ሁለት፣ ነጩ መስመር መንታ። ኑሮው በመሪ ላይ የሆነ ሰው፣ ታክሲ ነጂም ይሁን ዕቃ አመላላሽ፣ መጀመሪያ የሚያሳብበው በድካም ነው፤ ሁለት ፈረቃ አከታትሎ መሥራትና እንቅልፍ ማጣት በስደት ኑሮ ብርቅ አይደለምና። ቀጥሎ የሚያሳብበው በመነጽሩ ነው። ብዙው ሰው አንዱን ዓይን ጨፈን እያደረገ ሥራውን ይውላል፤ በሳምንቱ መነጽር ቤት ይሄዳል። ነገሩ ከዓይኑ ሳይሆን ከዓይኑ ጀርባ፣ ከራስ ቅሉ ውስጥ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ግን አይጠረጥርም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዓይንን የሚያዞሩት ጡንቻዎች አሉ፤ ጡንቻዎቹን የሚያዝዙ ነርቮች አሉ፤ ነርቮቹም ከአንጎል ሥር ተነሥተው በአጥንት መካከል ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች አልፈው ነው ዓይን ዘንድ የሚደርሱት። በዚህ መንገድ ላይ የሚደርስ እክል፣ የደም ሥር እብጠትም ሆነ የስኳር በሽታ፣ በራስ ቅል ውስጥ የሚጨምር ግፊትም ሆነ ዕጢ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በዓይን ነው። ሐኪሙ «ጣቴን በዓይንዎ ይከተሉ» ብሎ ጣቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሐኪሙ ግን የራስ ቅሉን ሳይከፍት ውስጡን እያነበበ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊመልሰው ይችላል። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሲሸፍኑት ሁለትነቱ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? በአንድ ዓይን ብቻ እያዩም ነገሩ ሁለት ከሆነ፣ ጥፋቱ ያው የሚያየው ዓይን ላይ ነው፤ የዓይን ድርቀት፣ የዓይን ሞራ ወይም የመነጽር ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የሚፈልግ ነገር ነው እንጂ አምቡላንስ አያስጠራም። አንዱን ዓይን፣ የትኛውንም ቢሆን፣ ሲሸፍኑት ሁለትነቱ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ደኅና ነው፤ የጠፋው የሁለቱ ስምምነት ነው። መነጽር ቤት የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ሰባት አጥንቶች የሠሩት ጉድጓድ

የሰው ራስ ቅል አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ የ22 አጥንቶች ስፌት ነው። ስምንቱ አንጎልን ያቅፋሉ፤ አሥራ አራቱ ፊትን ይሠራሉ። በጆሮ ውስጥ ያሉት ስድስት ጥቃቅን አጥንቶች ከዚህ ቁጥር ውጪ ናቸው። ዓይን የተቀመጠበትን ጉድጓድ ብቻ ሰባት አጥንቶች ተጋግዘው ሠርተውታል። ቅርጹ እንደ ቀንድ ዋንጫ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ይዘቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቢሆን ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዓይን ኳስ፣ ጡንቻዎቹ፣ ነርቮቹ፣ የደም ሥሮቹና እንደ ፍራሽ የሚያገለግል ስብ ተጣበው ይኖራሉ።

የጉድጓዱ ጠርዝ ጠንካራ ነው፤ በአፍንጫ በኩል ያለው ግድግዳ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ወለሉም ብዙ አይሻልም። ቡጢ ወይም ኳስ ዓይንን ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ወለሉ ነው። በስንጥቁ ውስጥ የታችኛው ጡንቻ ሊነከስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ላይ አልሄድም ይላል፣ ነገሩም ሁለት ሆኖ ይታያል። በልጆች ላይ ይህ አታላይ ነው። ከውጪ ሲያዩት ዓይኑ አልቀላም፣ ብዙም አላበጠም፤ ልጁ ግን ያስመልሰዋል፣ ወደ ላይ ማየትም ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ልጅ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ዓይኑ አካባቢ ክፉኛ የተመታ ሰውም ሐኪም እስኪያየው ድረስ ባይናፈጥ ይሻለዋል፤ በተሰበረው አጥንት በኩል የአፍንጫ አየር ወደ ዓይን ጉድጓድ ይገባልና።

ከዓይን ጉድጓድ ጀርባ፣ በራስ ቅል ወለል መካከል ላይ፣ ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ የሚመስል አጥንት አለ፤ ስፌኖይድ ይባላል። በጀርባው ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ሥፍራ የጥንት ሐኪሞች «የቱርክ ኮርቻ» ብለዋታል፤ የአተር ፍሬ የምታክለው ዋና ዕጢ፣ ፒቱታሪ፣ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ከኮርቻው ግራና ቀኝ ደም የሚያልፍባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ሦስቱም ነርቮች፣ የፊትን ስሜት የሚያደርሱ ሁለት ቅርንጫፎችና ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ሁሉም በእነዚያ ክፍሎች ያልፋሉ። አንድ ጠባብ በር ላይ ሕዝብ ሲጋፋ ማለት ነው። የፊት ደም መልስ ሥሮችም በዓይን ጉድጓድ በኩል ከዚያ ክፍል ጋር ይገናኛሉ። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር አካባቢ የወጣ ብጉንጅ አይፈረጥ የሚባለው ስለዚህ ነው፤ መርዙ ወደዚያ ከዘለቀ ዓይን ያብጣል፣ መዞር ያቅተዋል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከተገኘ ወዲህ ብዙ የማይታይ ነገር ነው፤ ግን አልጠፋም።

እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች

ዓይንን የሚያዞሩት ጡንቻዎች በእያንዳንዱ በኩል ስድስት ስድስት ናቸው። አራቱ ከጉድጓዱ ጫፍ ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ ፊት ይመጡና የዓይንን ኳስ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝና ከግራ ይይዙታል፤ ድንኳን እንደሚወጥሩ አራት ገመዶች። ሁለቱ ሰያፍ ናቸው። ከሰያፎቹ የላይኛው ሥራው አስደናቂ ነው። ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣና ከቅንድብ ሥር፣ በአፍንጫ በኩል ባለች የለስላሳ አጥንት ቀለበት ውስጥ ይሾልካል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ታጥፎ ዓይንን ይይዛል። ከጉድጓድ ውኃ ባልዲ የሚጎተትበትን መዘውር ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

ሁለቱ ዓይኖች እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው። ወደ ቀኝ ለማየት የቀኙ ዓይን የውጪ ጡንቻና የግራው ዓይን የውስጥ ጡንቻ እኩል ትእዛዝ በእኩል ጊዜ ይደርሳቸዋል። አንዱ በሬ ከሰነፈ ትልሙ ይጣመማል፤ አንዱ ጡንቻ ከሰነፈ ዓለም መንታ ይሆናል። ደግሞ ሥራው እረፍት የለውም። ሰው ነቅቶ ሲያይ ዓይኑ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከነጥብ ወደ ነጥብ ይዘላል፤ ይህን መሥመር የሚያነብ ሰው ዓይን እንኳ አሁን እየዘለለ ነው።

ስለ ጡንቻዎቹ ከተነሣ አይቀር ሁለት ታሪክ መጨመር ይገባል። የተንሸዋረረ ዓይንን ጡንቻ በቀዶ ሕክምና ለማስተካከል የተሳካለት የመጀመሪያው ሰው የበርሊኑ ዮሐን ፍሪድሪሽ ዲፌንባኽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1839። የማደንዘዣው ኤተር በሕዝብ ፊት የተፈተነው በ1846 ስለሆነ ታካሚው ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። ሁለተኛው ቅርብ ነው። ዛሬ ሰው የፊቱን መጨማደድ ለመደበቅ ገንዘብ የሚያፈስበት ቦቶክስ የተሰኘው መድኃኒት የተወለደው ለቁንጅና አይደለም። አለን ስኮት የተባለ የሳንፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም የተንሸዋረረ ዓይንን ያለ ቢላዋ ለማቃናት ብሎ ያመጣው ነው። የአሜሪካ መንግሥት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 የፈቀደውም ለዓይን መንሸዋረርና ለዓይን ቆብ መኮማተር ነበር።

ምግብ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለቱ ነርቮች

ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡት ነርቮች አሥራ ሁለት ጥንድ ናቸው። ጥንታዊው ሐኪም ጋሌን ሰባት ብሎ ቆጥሯቸው ነበር፤ ቆጠራው ከሺህ ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖረ። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ ዘጠኝ አደረሳቸው፤ ዛሬ የሚሠራበትን አሥራ ሁለት ቁጥር ያወጣው ደግሞ ጀርመናዊው ሳሙኤል ቶማስ ዞመሪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1778 ለዶክትሬት ማዕረጉ በጻፈው ጽሑፍ። የሕክምና ተማሪዎች ስማቸውን በቃል ለመያዝ ይቸገራሉ፤ ምግብ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ምሽት ይጠቀምባቸዋል።

ቡናው ሲቆላ ሽታውን የሚያደርሰው አንደኛው ነርቭ ነው፤ እንደ ወንፊት በተበሳሳ አጥንት በኩል ከአፍንጫ ወደ አንጎል ይገባል። ጭሱን የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። አስተናጋጇን በዓይን የሚከተሉት ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ሚጥሚጣው ምላስን የሚያቃጥለው በጣዕም ነርቭ በኩል አይደለም፤ ማቃጠል የሕመም ስሜት ነው፣ የሚያደርሰውም አምስተኛው ነው። ጥሬ ሥጋውን የሚያላምጡት ጡንቻዎችም የእሱ ሎሌዎች ናቸው። ፈገግታው፣ የሽንኩርቱ እንባና በምላስ ፊት የሚቀመሰው ጣዕም የሰባተኛው ነው። ማሲንቆውን የሚያሰማውና ሲነሡ ሚዛን የሚጠብቀው ስምንተኛው፣ ጉርሻውን የሚያስውጡት ዘጠነኛውና አሥረኛው ናቸው፤ አሥረኛው ወደ ታች ወርዶ ልብና ሆድ ድረስ ይዘልቃል። እስክስታው ሲጀመር ትከሻን በማንሣት አሥራ አንደኛው ድርሻ አለው፤ ምላስን የሚያዞረውና ጨዋታውን የሚያስቀጥለው ደግሞ አሥራ ሁለተኛው።

ዓይንን ከሚያዞሩት ከሦስቱ አራተኛው ያቺን በመዘውር የምታልፈውን ሰያፍ ጡንቻ ብቻ ያዝዛል፤ ስድስተኛው የውጪውን ጡንቻ ብቻ። የቀሩት አራቱ በሙሉ የሦስተኛው ናቸው። ሦስተኛው ከዚህም በላይ የዓይን ቆብን ያነሣል፣ ብሌንንም፣ ማለትም በዓይን መካከል ያለችውን ጥቁር ክብ ቀዳዳ፣ ያጠብባል።

እርግብግቢትና ስድስተኛው ነርቭ

የአገር ቤት እናት የሕፃኑን እርግብግቢት ቅቤ እየቀባች ስታድግ ያየች ነችና ጠባዩን ታውቃለች። ሕፃን ሲቀመጥና ሳያለቅስ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ ፈሳሽ አንሶታል፤ ካበጠና ከተወጠረ ደግሞ በራስ ውስጥ ግፊት በዝቷል። ሁለቱም ሐኪም የሚያስጠሩ ናቸው። ያቺ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ የራስ ቅል እንደ ታሸገ ሣጥን ነው፤ በውስጡ አንጎል፣ ደምና ፈሳሽ አለ፣ አንዱ ሲጨምር የሚተነፍስበት ቦታ የለም።

የአዋቂ እርግብግቢት ስድስተኛው ነርቭ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ይህ ነርቭ ከአንጎል ግንድ ወጥቶ ሽቅብ ይወጣና በአጥንት ጫፍ ላይ ተጣጥፎ ያልፋል። በራስ ውስጥ ግፊት ሲጨምር፣ ምክንያቱ ከዚህ ነርቭ በጣም ርቆ ያለ ቢሆን እንኳ፣ እሱ ይጎተታል ወይም ይጫናል። ያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ጆሮ በኩል መዞር ያቅተዋል፤ ነገሮች ጎን ለጎን ሁለት ይሆናሉ፣ በተለይም ርቀው ሲታዩ። ከዚህ ጋር ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ጎንበስ ሲሉ ዓይንን ጭልም የሚያደርግ ነገር ካለ ነገሩ አይታደርም። ሐኪሙ ከዓይን በስተ ኋላ ያለውን የሁለተኛውን ነርቭ ራስ በመሣሪያ ያየዋል፤ ግፊት ካለ አብጦ ያገኘዋል። መሣሪያውን ለዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ከዚያ በፊት በሕይወት ያለ ሰው ነርቭ በዓይን አይታይም ነበር።

የወደቀ ቆብና የሰፋ ብሌን

ከሁሉ የከፋው የሦስተኛው ነርቭ ነገር ነው፤ ለዚህ ርዕስ ብቻ እንኳ ጋዜጣው ታጥፎ ኪስ ውስጥ ቢገባ አይበዛበትም። ሦስተኛው ነርቭ ሲታመም የዓይን ቆብ ይወድቃል። ቆቡን በጣት ከፍ ቢያደርጉት ዓይኑ ወደ ውጪና ጥቂት ወደ ታች ዞሮ ይገኛል። ቆቡ ዓይኑን ስለሚከድነው ሁለትነቱ አይታወቅም፤ ሰውየውም «ዓይኔ ከበደኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁለቱን ግን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ከአንጎል ሥር ያለ ደም ቅዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲያብጥና ነርቩን ሲጫነው ነው። ይህ ፊኛ ከፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊሞት ይችላል። ሁለተኛው በስኳር በሽታ ወይም በደም ብዛት ምክንያት ነርቩን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲደፈኑ ነው። ይህኛው ሕይወትን ወዲያው አያሰጋም፤ ብዙ ጊዜም በሦስት ወር ገደማ ይድናል። ታዲያ ሁለቱን በምን ይለዩአቸዋል? ብሌኗን በማየት። ብሌንን የሚያጠብቡት የነርቩ ክሮች የሚሄዱት በነርቩ ላይኛው ገጽ ነው። ከውጪ የሚጫን ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፤ ብሌኗም ትሰፋለች፣ በብርሃንም አትጠብም። የስኳር በሽታ የሚጎዳው ግን የነርቩን ውስጠኛ ክፍል ስለሆነ ብሌኗ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ትሆናለች።

ስለዚህ ቆቡ በድንገት የወደቀ፣ ብሌኑ ከሌላው ዓይን የሰፋ፣ ራሱንም የሚያመው ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፣ ራሱም መኪና አይነዳም፤ አምቡላንስ ይጠራለታል። በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ፣ እንደ መብረቅ የወረደ ራስ ምታት ከተጨመረበትማ ደቂቃም አይባክን። ብሌኗ ደኅና ናት ብሎ ቤት መቀመጥም አይገባም፤ እብጠቱ ገና በጅምሩ ብሌንን ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ውሳኔው ራስን በማሽን የሚያስነሣው ሐኪም ነው።

የስኳሩ ነገርም ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ተቀምጦ መሥራት፣ በሌሊት መብላት፣ ለዓመታት ሐኪም አለማየት በስደት የተለመደ ነው። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ያ ሁለት ሆኖ የታየው መብራት ሊሆን ይችላል። ዓይኑ በሦስት ወር ቢቃና እንኳ ስኳሩ አብሮ አልሄደም።

አራተኛው ነርቭ ከአሥራ ሁለቱ ቀጭኑ ሲሆን በራስ ቅል ውስጥ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል፤ ከአንጎል ግንድ በጀርባ በኩል የሚወጣውም እሱ ብቻ ነው። በመኪና አደጋ ራሱን የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳበት ይህ ነው። ምልክቱ ለየት ያለ ነው። ደረጃ ሲወርዱ ደረጃው ሁለት ይሆናል፤ ሲያነቡ መሥመሩ ከላይና ከታች ይደራረባል፤ ሰውየውም ሳያውቀው ራሱን ወደ ጤነኛው በኩል ዘንበል አድርጎ ይሄዳል።

ነርቮቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ጡንቻው የሚያምበት ጊዜም አለ። የታይሮይድ ዕጢ ሕመም የዓይን ጡንቻዎችን ያሳብጣል፤ ዓይን ይፈጥጣል፣ ወደ ላይ ማየትም ያቅታል፤ ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። ሌላው ማያስቴኒያ የሚባለው ነው። ጠዋት ደኅና የነበረው ቆብ ማታ ማታ ይወድቃል፤ ሲያርፉ ይሻላል፣ ሲደክሙ ይብሳል። የመርከቦቹ ባለጸጋ አሪስቶትል ኦናሲስ በዚህ ሕመም ተይዞ ቆቦቹን በፕላስተር ለጥፎ ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አረፈ። ዛሬ ለዚህ ሕመም ጥሩ መድኃኒቶች አሉ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ፊት ሲጣመምስ?

አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ግማሽ ፊቱ ቢወድቅ፣ አፉ ቢጣመም፣ አንድ ዓይኑ አልከደን ቢለው፣ አንዱ ወዳጁ «መጋኛ ነው» ይለዋል፤ ሌላው ምች፣ ሌላው ብርድ። ነገሩ ግን ያው የጠባብ መንገድ ነገር ነው። ሰባተኛው ነርቭ በጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ውስጥ በቀጭን ቦይ ያልፋል። ነርቩ ሲያብጥ አጥንት አይለጠጥለትምና ይታነቃል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ስለዚህ ነርቭ ስለጻፈ ሕመሙ በእሱ ስም ይጠራል። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ሐኪም የሚያዝዘው ስቴሮይድ መድኃኒት ግን በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ዳማከሴ ማሽተቱ ባይጎዳም እነዚያን ሦስት ቀናት እንዳይበላ ነው የሚያሰጋው። ያልተከደነው ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፤ ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባትና ቆቡን ዘግቶ የሚይዝ ፕላስተር ያስፈልገዋል።

ስትሮክም ፊትን ያጣምማል። ልዩነቱ ግንባር ላይ ነው። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚቀበል በስትሮክ ጊዜ ብዙ ጊዜ ቅንድብ ሲያነሡ ይጨማደዳል፤ በቤል ሕመም ግን ያ ወገን ለጥ ይላል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ቤት ሆኖ መፍረድ ግን ጥሩ አይደለም። ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ወዲያውኑ ነው። የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በጥቅሉ ስትሮኩ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚባለው ነገር

ሸውራራ ልጅን በተመለከተ በወላጆች ዘንድ የቆየ አባባል አለ፦ ሲያድግ ይተወዋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት የሕፃን ዓይን አልፎ አልፎ ቢንሸዋረር አያስደነግጥም። ከአራት ወር በኋላ ግን መታየት አለበት። አዋቂ ሲንሸዋረር ሁለት ያያል፤ ልጅ ግን ሁለት አያይም፤ አንጎሉ ከተንሸዋረረው ዓይን የሚመጣውን ምስል ይሰርዘዋል። ዓይኑ ምንም ሳይጎድልበት ማየትን ሳይማር ይቀራል። መነጽር፣ ደኅናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ቀዶ ሕክምና ይረዳል፤ የሚረዳው ግን በተለይ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ልጁ የዓይን መሸፈኛ ለጥፎ ትምህርት ቤት ሲሄድ ማፈር የለም፤ ማፈር ያለው ዕድሉ ካለፈ በኋላ ነው። በፍላሽ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አንዱ ብሌን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ከሆነ ደግሞ ያ ፎቶግራፍ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ይወሰድ፤ በዓይን ውስጥ የሚያድግ ካንሰር ሊሆን ይችላልና።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ

በእንግሊዝኛ ቃሉ «ደብል ቪዥን» ነው፤ ይህን ሁለት ቃል የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። የቀረውን በአስተርጓሚ መናገር መብት ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ የአሥር ዓመት ልጅን ከትምህርት ቤት ጠርቶ ስለ አባቱ አንጎል ማስተርጎም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ሜዲኬር የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍላቸው የመጣውን ሰው፣ መክፈል ቻለም አልቻለም፣ እንዲመረምሩና አስጊውን ሁኔታ እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሂሳቡ በኋላ በፖስታ አይመጣም ማለት ግን አይደለም። የአምቡላንስ ቁጥሩ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112 ነው።

ሐኪሙ የሚጠይቀው ይታወቃል። መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ናቸው ወይስ አንዱ ከአንዱ በላይ? በሩቅ ይብሳል ወይስ በቅርብ? ማታ ይብሳል? ስኳር፣ ደም ብዛት፣ የራስ ምታት አለ? ይህን በወረቀት ጽፎ የሚሄድ ሰው ለራሱ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ሁለትነቱ እስኪጠፋ ድረስ መኪና አይነዳም፤ አንዱን ዓይን መሸፈን ምስሉን አንድ ያደርገዋል እንጂ ርቀትን የመገመት ችሎታን አይመልስም። ነርቩ ራሱን ይጠግን እንደሆነ ለማየት ሐኪሞች ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይጠብቃሉ፤ እስከዚያው ፕሪዝም ያለው መነጽር ሁለቱን ምስሎች ያገናኛል፤ ካልዳነም ጡንቻው በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

አንድ የማይታሰብ ነገርም ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ የድሮ ፎቶግራፍ። የአራተኛው ነርቭ ድካም አንዳንዴ አብሮ የተወለደ ይሆንና ሰውየው ራሱን ዘንበል እያደረገ ለዓመታት ሲያካክሰው ይኖራል፤ በአርባ ዓመቱ ገደማ ግን ማካካሱ ያቅተውና ሁለት ማየት ይጀምራል። ሐኪሙ ሕመሙ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል። ከአገር ቤት የመጣ የሦስተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶግራፍ ላይ ያ ልጅ አንገቱን እንደዚሁ ዘንበል አድርጎ ከታየ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጥርጣሬ እዚያው ያቃልላል።